ጫማ ሰፊው ጎማ ሲመርጥ

እና ጎማ ሻጩ ሰውዬ ዓይኑን በጨው ታጥቦ «ጫማ ሰፊ ስለ ጎማ ምን ያውቃል?» አይለው መሰለሽ! እኔ እዚያው ቁጭ ብዬ! የሟቹን ባሌን ታናሽ ወንድም፣ ዋርሳዬን፣ በስድሳ ሁለት ዓመቱ፣ በሰው ፊት! ደሜ ፈላ ነው የምልሽ። የጉልበቴን ሕመም ረስቼው ከተቀመጥኩበት የጎማ ክምር ላይ ብድግ አልኩ።

«አንተ፣ እናትህ ከነጫማህ ነው እንዴ የወለደችህ? እግርህ ላይ ያለውን ማን የሰፋው መሰለህ?» አልኩት።

ሱቁ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ሳቀ። እሱ አልሳቀም። እኔም አልሳቅኩም። እስከ ዛሬም አልሳቅኩም።

ቆይ ከሥሩ ልንገርሽ፤ አለዚያ ንዴቱ ብቻ ይደርስሽና ነገሩ ይቀርብሻል።

ወስፌን መቼም ታውቂዋለሽ፤ ያ ከፋርማሲው ሕንጻ ደረጃ ሥር ጫማ የሚሰፋው ቀጭኑ ሰውዬ። ወስፌ ያልኩት እኔ ነኝ፣ ሰፈሩ ከኔ ወሰደው። ቀጭን ስለሆነ ብቻ እንዳይመስልሽ፤ ያገኘውን ነገር ሁሉ ካልወጋ ካልጎረጎረ አይሆንለትም። ክፍሉ ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው ውጭ ቆሞ ይጠብቃል። መስኮቷ ከመንገዱ ወለል እኩል ናት፤ ከውስጥ ሆነሽ የምታዪው እግር ብቻ ነው። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ዓለምን ያያት ከቁርጭምጭሚት በታች ነው እንግዲህ። ሰው በፊቱ ቢጠፋው በጫማው ያገኘዋል። «እትዬ፣ ያቺ ጎረቤትሽ ጉልበቷን ልትታመም ነው፤ የግራ ታኮዋን ብቻ ነው የምትበላው» ይለኛል። በሳምንቱ ጎረቤቴ እያነከሰች! ለኔ ወሬ በአፍ ነው የሚመጣልኝ፤ ለሱ በሶል ይመጣለታል። ሁለታችን ተቀምጠን ካወራን ከዚህ ሰፈር የሚደበቀን የለም።

መኪናዋን የገዛት የዛሬ አራት ዓመት ነው፣ ከአንድ ጥርስ ሐኪም። ታውቂያታለሽ፤ ያቺ ጠቆር ያለ ቀይ፣ ባለ ሁለት በሯ፣ ከኋላ ለሕፃን ብቻ የምትበቃ መቀመጫ ያላት። ዝቅ ከማለቷ የተነሳ እኔ ስገባባት እንደ መቀመጥ ሳይሆን እንደ መውደቅ ነው፤ ስወጣማ አውጡኝ ብዬ እጄን እዘረጋለሁ። ጥርስ ሐኪሙም ወገቡን አሞት ነው የሸጣት። ወስፌ ግን መች ከበደው! ዕድሜውን ሙሉ ከመሬት እኩል ተቀምጦ የኖረ ሰው ነው። መሪዋን ሲይዝ ያየሽው እንደሆነ፣ ያ ጎባጣ ትከሻው ቀጥ ይላል፤ ባለቤቱ ከሞተች ወዲህ ያን ጀርባ ቀና ብሎ ያየሁት እዚያች መኪና ውስጥ ብቻ ነው።

ሰፈሩስ? ሰፈሩማ መሳቂያ አገኘ። «ጫማ ሰፊ በስፖርት መኪና!» ለምን ብለሽ ጠይቂኝ እስቲ። ሐኪም ሲነዳት የስፖርት መኪና ናት፤ ጫማ ሰፊ ሲነዳት ቀልድ? ያው መኪና፣ ያው መንገድ! ደግሞ የሚስቁት እነማን ናቸው? ቀዳዳ ጫማቸውን «ለነገ አድርስልኝ ወንድሜ» እያሉ የሚለምኑት።

መኪናዋ ግን ሥራ ነበራት። ሴት ልጁ ሐኪም ቤት ካርድ ክፍል ነው የምትሠራው፤ ማልዳ ትወጣለች። ስለዚህ ሚጢጢን፣ የስድስት ዓመቷን የልጅ ልጁን፣ ትምህርት ቤት የሚያደርሳት እሱ ነው። ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ሲሆን ከኔ ቤት ጎን ያለው በራቸው ላይ ነው። ሃያ ደቂቃ መንገድ ናት፤ ሃያ ደቂቃዋን ሚጢጢ አፏን አትዘጋም። ማን ማንን ቆነጠጠ፣ የማን ላጲስ ተሰረቀ፣ አስተማሪዋ ለምን አኮረፈች፤ ሁሉንም ከኋላ ሆና ትነግረዋለች። እሱ ደግሞ ማታ መጥቶ ለኔ ይነግረኛል። የዚያን ትምህርት ቤት ወሬ ከዳይሬክተሩ በላይ እኔ ነበርኩ የማውቀው። ለወስፌ ግን ወሬው አይደለም፤ ከቀኑ ሃያ አራት ሰዓት የሱ የምትባለው ያቺ ሃያ ደቂቃ ነበረች። የቀረው የደንበኛ ነው።

እንግዲህ ጎማው አለቀ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባል የለ? ጎማም እንደዚያው ነው። ቀስ በቀስ ጥርሱ አለቀ አለቀና አንድ ቀን አራቱም ራሰ በራ ሆነው ቁጭ አሉ። ሌላ ሰው ቢሆን ሄዶ ይገዛል። ወስፌ ግን ጫማ ሰፊ ነው፤ ያለቀ ነገር ይጣላል የሚባል ወሬ ሲሰማ የተሰደበ ይመስለዋል። «የሚለወጥ ሶል ነው እንጂ የሚጣል ጫማ የለም» ነው የሚለው። ታዲያ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ሁለት እሑድ ሙሉ መኪናዋን በክሪክ አንስቶ፣ ጎማዎቹን ፈትቶ፣ እዚያች ክፍሉ ውስጥ ጭኑ ላይ እያስቀመጠ፣ በሶል መቁረጫ ቢላው ራሰ በራው ጎማ ላይ አዲስ ጥርስ ቀረጸበት! እውነቴን ነው። እንደ ተራራ ጫማ ሶል፣ እየተጣመመ የሚሄድ ጥለት፣ አራቱንም አንድ ዓይነት። ሲጨርስ ጠርቶ አሳየኝ። ይቅር ይበለኝና «እንዴት ያምራል!» አልኩት። ምን አውቄ!

ዝናቡ በጀመረ በሁለተኛው ሳምንት፣ ነዳጅ ማደያው ጋ ያለችው መታጠፊያ ላይ፣ የመኪናዋ ኋላ ከፊቷ ቀደመ። ዞረች። አንዴ ተኩል ዞረችና ወደ መጣችበት አቅጣጫ ፊቷን አዙራ ቆመች። እግዜር ሲጠብቅ ከኋላ መኪና አልነበረም። ወስፌ ከንፈሩ ደርቆ ወደ ኋላ ዞሮ ቢያይ፣ ሚጢጢ እጇን እያጨበጨበች፦

«አባባ፣ ድገመው!»

ድገመው! ማታውን ደግሞ ለእናቷ አንድም ሳታስቀር ዘረገፈችው። እናትየው ወጣችና የመኪናዋ ጎማ ሥር ተንበረከከች። እጇን አሳለፈችበት። እኔ በር ላይ ቆሜ ነበር፤ ምን ላደርግ መጥቼ እንደነበር ረስቼዋለሁ።

«አባዬ፣ ይኼን ማን ነው የቀረጸው?»

«የፋብሪካው ነዋ» አላት፣ ዋሾ!

«የፋብሪካው? እኔ በዚህ ጥለት ስንት ጫማ አድርጌ ነው ያደግኩት! እጅህን አላውቀውም?»

እጁን ከኋላው ደበቀ።

«ቢላህን ለጫማህ። ልጄን ግን በቢላህ በቀረጽከው ጎማ ላይ አታስቀምጣትም። አዲስ አራት ጎማ እስክታስገባ ድረስ በሰርቪስ ትሄዳለች። የተጣፈ፣ የተለጠፈ፣ የተቀረጸ፣ አንድ ቃል እንዳልሰማ።»

ልክ ናት፤ ልጅ የእናቷ ናት። ግን አባት እኮ ነው! ቁልፉን የተቀማ ሰካራም ሹፌር አስመሰለችው። ለሷም ነግሬአታለሁ፤ «አነጋገርሽ ከጎማው የከፋ ነው» ብያታለሁ። መች ትሰማኛለች።

ከዚያ በኋላ በየማለዳው ምን ያደርግ እንደነበር ልንገርሽ? አንድ ሰዓት ተኩል ሲሆን መኪናዋ ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል። ሞተር አያስነሳም። መሪዋን ይዞ ይቀመጣል። የሚጢጢ ሰርቪስ መንገዱን ታጥፎ ሲሄድ ወጥቶ በሩን ይቆልፍና በእግሩ ወደ ሥራው ይሄዳል። በአራተኛው ቀን አላስችል አለኝ።

«ና ውጣ!» አልኩት። «ይኼ ለቅሶ ነው እንዴ? ጎማ ግዛ!»

«እትዬ፣ ጎማውንስ እገዛለሁ» አለኝ። «ያልገባኝ ምን እንደተሳሳትኩ ነው። እኔ የቀረጽኩት ሶል ሰው አንሸራትቶ አያውቅም።»

አየሽ፤ የተቆረቆረው በዚህ ነው። ልጅቷም አላስረዳችው፣ እሱም ሰው አልጠየቀ።

ቅዳሜ ዕለት ተነሳን። ተነሳን የምልሽ እኔን ጨምሮ ነው፤ ልጅቷ በጎን ጠርታኝ «አክስቴ፣ አብረሽው ሂጂ፤ ርካሽ አሮጌ ይዞ እንዳይመጣ» ስላለችኝ። ባትለኝም መቅረቴ አልነበረም።

የመጀመሪያው ሱቅ ያ መስታወት በመስታወት የሆነው ነው። ጎማው እስከ ጣሪያ ተደርድሯል፤ ሁሉም ያብለጨልጫል፣ ፊትሽን ታዪበታለሽ። ሻጩ ወፈር ያለ፣ ቁልፍ ጣቱ ላይ የሚያሽከረክር፣ ነጭ ጫማ ያደረገ። ወስፌ እንደ ልማዱ መጀመሪያ እግሩን አየና በጆሮዬ «ጫማው የሱ አይደለም፤ አንድ ቁጥር ይሰፋዋል» አለኝ። ያኔውኑ መውጣት ነበረብን።

«መኪናዋ የማን ናት?» አለ ሻጩ።

«የኔ።»

«የእርስዎ?» ብሎ እጁን አየ። የወስፌ እጅ ማስቲሽና ቀለም የማይለቀው እጅ ነው፤ በሳሙና ሠላሳ አራት ዓመት ታጥቦ ያልነጣ። «ለልጅዎ መስሎኝ።»

ይኼውልሽ፣ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ነው የጠላሁት። መንገዱ ምን ዓይነት እንደሆነ አልጠየቀ፣ ማን እንደሚሳፈርባት አልጠየቀ፣ አሮጌውን ጎማ ጎንበስ ብሎ አላየ። መኪናዋን በመስታወቱ አሻግሮ ገረመማትና አንድ ጎማ እያንከባለለ አመጣ።

«ይቺ ለስፖርት መኪና ብቻ የተሠራች ናት። አስፋልት ትነክሳለች። አራቱንም ላስገባልዎት?»

ወስፌ ተንበረከከ። ጎማውን አሸተተው። ሻጩ ለጓደኛው ጠቀሰው፤ አየሁት! ወስፌ መሐረቡን አወጣ፣ በምራቁ አራሰ፣ የጎማውን ጎን ጠረገው። መሐረቡ ጥቁር ሆነ።

«ቀለም ነው» አለ።

«ምን አሉ?»

«ቀለም ቀብታችሁታል። ጥሩ ቀለም ነው፤ እኔም እጠቀምበታለሁ።» አሁንም በሁለት አውራ ጣቱ ተጭኖ ጎማውን ገፋ ሲያደርገው፣ ጥርሱ መሐል ፀጉር የሚያህል ስንጥቅ ፈንጠር ፈንጠር ብሎ ታየ። «ይኼ ጎማ ስንት ዓመቱ ነው?»

«አዲስ ነው ስልዎት!»

«አዲስ አይደለም፤ ያልተነዳ ነው። እኔ ጫማ ሰፊ ነኝ። ሶል ሲረገጥ ብቻ አይደለም የሚያረጀው፤ ሲቀመጥም ያረጃል። መደርደሪያ ላይ የከረመ ሶል ላዩ ያምራል፣ በተረገጠ ሳምንቱ ፍርክስ ይላል። ስንት ዓመቱ ነው ያልኩህ ለዚህ ነው። ደግሞስ የቀኙ የትኛው ነው፣ የግራው የትኛው?»

ይኼን ጊዜ ነው ሱቁ በሳቅ የፈረሰው። «የቀኝና የግራ ጎማ!» ይላል አንዱ ሆዱን ይዞ። ሻጩ ሳቁ ሲያግዘው ጊዜ ልቡ አበጠና ያቺን ቃል ወረወራት፤ ጫማ ሰፊ ስለ ጎማ ምን ያውቃል! እኔም የነገርኩሽን መለስኩለት።

አንድ ጎማ ሊያስነፋ የመጣ ባለ ታክሲ ነበር። ሌላው ሲስቅ እሱ ጎንበስ ብሎ የጎማውን ጎን ሲፈልግ ቆየና «አባት፣ እዚህ ጋ ይዩ» አለ። «እነዚህ አራት ቁጥሮች የተሠራበት ናቸው። ሁለቱ ሳምንቱ፣ ሁለቱ ዓመቱ።» በጣቱ ቆጠረ። «ስምንት ዓመት።»

ያ ሁሉ ሳቅ የት እንደገባ እንጃ።

«እሱማ…» አለ ሻጩ፣ «ጥላ ሥር ነው የተቀመጠው። ፀሐይ ካልመታው ጎማ አያረጅም።»

«እኔም ጥላ ሥር ነው የተቀመጥኩት!» አልኩት። «አላረጀሽም በለኛ፣ ባል ፈልግልኛ!»

አሁን እንኳ ይቅርታ የሚል መሰለሽ? «ከፈለጉ ቅናሽ አደርግልዎታለሁ» አለ! በስንጥቅ ጎማ ቅናሽ! እዚያች መኪና ኋላ ማን እንደምትቀመጥ ታውቂያለሽ አይደል? በስድስት ዓመት ሕፃን ላይ ነው ቅናሽ ያደረገው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነው እንግዲህ ነገሩ፤ ስንቱ ያንን ቀለም አይቶ አምሮት፣ አስገጥሞ፣ ቤተሰቡን ጭኖ ሄዷል? የጭነት መኪና ጎማ በአፉ ይግባ!

ወጣን። እኔ እየተራገምኩ፣ እሱ መሐረቡን እያጠፈ። መኪናዋ ውስጥ ገብተን፣ ማለት እሱ ገብቶ እኔ ወድቄ፣ ቁልፉን ሳያዞር፦

«እትዬ፣ እውነት ቀኝና ግራ የለውም ይሆን?» አለኝ።

ስንጥቁን አገኘ፣ ቀለሙን አጋለጠ፣ ዕድሜውን አወቀ። ልቡ ላይ የቀረው ግን የሳቁበት ነው። ሰውን እንደዚህ ነው የሚያደርጉት። አሥር ነገር ታውቂና በአንዷ ከሳቁብሽ አሥሩንም ትጠራጠሪያለሽ። እኔ ምን ልበለው? ስለ ጎማ የማውቀው ክብ መሆኑን ነው። «ባይኖረውም ሊኖረው ይገባ ነበር» አልኩት።

ባለ ታክሲው ነው ሁለተኛውን የጠቆመን፤ ከአትክልት መደብሩ ጀርባ ያለውን ጎሚስታ። መስታወት የለው፣ የሚያብለጨልጭ የለው፤ ቆርቆሮ ጣሪያ፣ አንድ ኮምፕረሰር፣ አንድ አግዳሚ። ሰውዬው እንደ ወስፌ ያለ፣ እጁ የማይነጣ፣ ቃል ከአፉ በጉጠት የሚወጣ። መኪናዋን ዞራት። ከዚያ አንዱ ጎማ ጋ ቆመና ጣቱን በጥለቱ ላይ አስኬደው።

«ይኼን ማን ሠራው?»

ወስፌ አንገቱን ደፋ። «እኔ።»

«የሚያምር ሥራ ነው» አለ ጎሚስታው። «የሚገድልም ነው።»

ኋላም አንዱን ፈትቶ፣ አግዳሚው ላይ አስተኝቶ አሳየው። የጎማ ጥርስ ካለቀ በኋላ የቀረው ላስቲክ ስስ ነው፤ ከሥሩ ሽቦና ክር አለ። የወስፌ ቢላ ሽቦው ጋ ሊደርስ አንዲት ጥፍር ነበር የቀረው። ደግሞ ላስቲኩ ከርሞ ደርቋል፤ ጥለት ቢኖረውም እርጥብ መሬት አይዝም። «ጫማ ላይ ልክ ነህ» አለው። «የሰው ክብደት ትንሽ ነው፣ እርምጃውም ዝግ ያለ። ይቺ ግን ትሮጣለች።»

ወስፌ ራሱን ነቀነቀ። አልተከራከረም። ልጁ ስትጮህበት ያልገባው ነገር፣ ሌላው ባለ እጅ በሦስት ቃል ሲነግረው ገባው። ለካ ሰውን ማስረዳት ይቻላል! ያኛውን ባለ ቁልፉን ይኼን ለማለት ምን ገደለው?

ከዚያ ወስፌ ደፈር አለና አሮጌውን ጎማ አዙሮ «ውስጥ ውስጡን ነው የበላው» አለ። «እግሩን ወደ ውስጥ የሚጥል ሰው ጫማ እንደዚህ ነው። አካሄዷ ጠማማ መሰለኝ።»

ጎሚስታው ቀና ብሎ አየው። «ሥራህ ምንድን ነው?»

«ጫማ ሰፊ።»

«ታዲያማ» አለ። ሌላ አልጨመረም። «አላይመንቷ ተዛብቷል። እሱን ሳናስተካክል አዲስ ብናስገባ በስድስት ወር ይበላዋል። መጀመሪያ እሱ።»

«ታዲያማ!» ሰማሽኝ? አንዱ «ጫማ ሰፊ ምን ያውቃል» አለ፤ ሌላው «ታዲያማ» አለ። ሁለቱም ጎማ ነው የሚሸጡት።

ወስፌ ተንጠራርቶ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ያቺን የፈራትን ጥያቄ ጠየቀ፤ እንደ ትንሽ ልጅ። «የምትስቅብኝ ከሆነ ሳቅብኝ ብቻ… ቀኝና ግራ አለው?»

«አንዳንዱ የለውም» አለ ሰውዬው። «ለሷ የሚሆነው ግን አለው።» ከጓሮ አንድ ጎማ አምጥቶ ጎኑ ላይ ያለችውን ቀስት አሳየን። «ወደዚህ ብቻ ነው መዞር ያለበት። ጥለቱ ውኃውን ወደ ውጭ የሚገፋው በዚህ በኩል ሲዞር ነው። ተገልብጦ ከተገጠመ ውኃውን ወደ ራሱ ይሰበስባል።»

ወስፌ ዞሮ አየኝ። ያንን ፊቱን ብታዪው! እኔ ደግሞ እዚያው ተነስቼ ወደ መስታወቱ ሱቅ ልመለስ ነበር፤ ያዙኝ እንጂ።

መምረጡ ላይ ነው የቆየነው። ጎሚስታው ሁለት ዓይነት አስቀመጠለት። አንደኛው ጠንካራ፣ አምስት ዓመት ቢነዳ የማይነቃነቅ። ሁለተኛው ለስለስ ያለ፣ ሁለት ዓመት ቢቆይ ነው፣ እርጥብ መንገድ ላይ ግን የሚጣበቅ። ወስፌ ሁለቱንም ዳበሳቸው፣ በጥፍሩ ተጫናቸው። ጠንካራውን ሲያነሳ እጁ አልለቅ አለው። አውቀዋለሁ እኮ! ይኼ ሰው ዕድሜ ልኩን ደንበኛን «ይበረክታል» ብሎ ነው የሸኘ። ከሱ አፍ ከዚህ የሚበልጥ ምስጋና የለም። የሞተችውን ሚስቱን እንኳ ሲያመሰግን «የምትበረክት ሴት ነበረች» ነበር የሚል፤ ሳትበረክት ቀረች እንጂ።

«ሁለት ዓመት…» አለ ለራሱ። «በሁለት ዓመት ሊያልቅ ማን ነገር ይገዛል?»

ጎሚስታው አልገፋፋውም። ብሎን መቁጠሩን ቀጠለ። ወስፌ ለስላሳውን አነሳ፣ አስቀመጠ። ጠንካራውን አነሳ፣ አስቀመጠ። ከዚያ፦

«የነርሶች ጫማ» አለኝ፣ ለኔ። «እርጥብ ወለል ላይ ስለሚሮጡ ለስላሳ ሶል ነው የማደርግላቸው። በዓመት ሁለቴ ይመጡብኛል። አልቆ ይመጣል እንጂ ወድቀው አይመጡም።»

ለስላሳውን ገፋ አደረገው። «ይኼን።»

ቸርኬው ላይ መግጠም ሲጀመር ወስፌ ከሰውዬው ኋላ ተጣብቆ ቆመ። እኔ እንኳ አፈርኩለት፤ ዝንብ እንኳ እንደዚያ አይጣበቅም። ግን ጎሚስታው የኔን ጨዋታ ሲሰማ (የመስታወቱን ሱቅ ሰውዬ እያስመሰልኩለት ነበር) ሦስተኛውን ገልብጦ አገባው። ወስፌ ሳይናገር ቀስቷን በጣቱ ነካ ነካ አደረጋት። ሰውዬው አየ፣ ሳቀ፣ ፈታው። «ከዛሬ ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ ና» አለው። አላይመንቱም ተስተካከለ። ስንመለስ መሪዋን ለቀቅ ቢያደርገው ቀጥ ብላ ትሄድ ነበር፤ አምስት ጊዜ ለቀቀና አሳየኝ፤ በአምስተኛው ጮህኩበት።

ማታ ልጅቷ ወጣች። እንደገና ተንበረከከች፤ አራቱንም በእጇ አየች፣ ቁጥሩን በስልኳ መብራት ፈለገች። ባለ ታክሲው ያሳየንን ነግሬአት ነበር እንግዲህ። ተነስታ ጉልበቷን አራገፈች።

«ሰኞ አንድ ሰዓት ተኩል» አለችው። በቃ! «ተሳስቼ ነው፣ ክፉ ተናግሬህ ነበር» የለ፣ «እንኳን ደስ አለህ» የለ። የዛሬ ልጆች ይቅርታን በሰዓት ነው የሚናገሩት። እሱ ግን በቃው፤ ምርቃት እንደተቀበለ ሰው ነው የገባ።

አሁን ይቺን የምነግርሽ ለማንም እንዳትናገሪ። እኔም ለማንም አልናገርም ብዬ ምዬለታለሁ፤ አንቺ ደግሞ ማንም አይደለሽም።

ሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ በራቸው ላይ ነበር። ሸሚዙን ተኩሶ፣ ፀጉሩን አርሶ አበጥሮ። ሚጢጢ ቦርሳዋን የኋላ መቀመጫ ላይ ወረወረችና የውኃ ኮዳዋን ረስታ ኖሮ ተመልሳ ገባች። እሱ ይኼኔ ጎማውን እየዞረ ነው፤ አራቱንም በጫማው ጫፍ ነካ ነካ፣ ቀስቷን ጎንበስ ብሎ አየ፣ ፊተኛውን፣ ኋለኛውን፣ አሁንም ፊተኛውን። ከዚያ ገባ። በመስታወቱ ቦርሳዋን አየ። በሩን ዘጋና ሄደ።

ነዳጅ ማደያዋ መታጠፊያ ላይ በእርጋታ አጠፈ። «አየሽ? ምንም አላለችም!» አለ። ሃያውን ደቂቃ ሙሉ ስለ ቀስቷ፣ ስለ ለስላሳ ላስቲክ፣ ስለ ነርሶች ጫማ ሲያስረዳ ሄደ። ከኋላ መልስ ሲያጣ «አኮረፍሽ እንዴ? ሰርቪሱ ለመደብሽ?» እያለ አባበለ። ትምህርት ቤቱ በር ላይ ሲደርስ፣ ዘበኛው እያየው፣ ወላጆች እያዩት፣ ወርዶ ዞሮ በሩን ከፈተ፣ መቀመጫውን አጠፈ፣ እጁን ዘረጋና ጮክ ብሎ፦

«ውረጂ የኔ እመቤት!» አለ።

ቦርሳዋ ብቻ ተቀምጧል።

ሚጢጢ እዚህ፣ እኔ ጋ፣ ኮዳዋን አቅፋ በር ላይ ቆማለች። «አባባ ጎማዎቹን ትምህርት ቤት ወሰዳቸው» አለችኝ።